የማይነካ ሙቀት እንዴት ይለካል?



በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሙቀት ነው። እኛ ጤና ባለሙያዎች ሙቀት ስንለካ ቴርሞሜትሩን ብብት ሥር እናደርጋለን፤ መለኪያው ገላን መንካት አለበት። ታዲያ በክረምት ሰሊጥ ማሳ ላይ የሚወርደውን መብረቅ በምን እንለካዋለን? የልጅ ልጅዎ ይህን ቢጠይቅዎ መልሱ አጭር ነው፦ በብርሃኑ።

መብረቅ፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ ብልጭታና በረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለው የበራ ጋዝ ሦስቱም ፕላዝማ ይባላሉ። ፕላዝማ ከአተሞቹ ኤሌክትሮኖች የተላቀቁበት ጋዝ ነው። የተላቀቁት ኤሌክትሮኖች እየሮጡ ሌሎች አተሞችን ይመታሉ፤ የተመታውም አተም ብርሃን ይሰጣል። ያ ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረዘራል፤ የየጋዙ መለያ የሆኑ ደማቅ መስመሮችም ይታያሉ።

መስመሮቹ ሙቀትን የሚናገሩት እንዴት ነው? ልጆች ቁርቁራ በድንጋይ ሲያረግፉ አስቡ። ክንዱ የደከመ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ይመታል፤ የላይኛው ጋ የሚያደርሰው ጉልበተኛው ነው። በማግሥቱ ዛፉን ያየ ሰው፣ ወርዋሪዎቹን ሳያይ ጉልበታቸውን ያውቃል። እንዲሁም አንዱ መስመር በትንሽ ምት ይበራል፤ ሌላው ብርቱ ምት ይፈልጋል። የሁለቱ ድምቀት ተነጻጽሮ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ይሰላል። የመብረቅ ሙቀት 30,000 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑ የታወቀው ከብርሃኑ መስመሮች ነው። የከዋክብት ሙቀትም የሚነበበው ከብርሃናቸው ነው፤ በእንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡትም ይህንኑ ብርሃን ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት 10,000 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ መስታወቱ ግን ለብ ከማለት አያልፍም። በውስጡ ያለው ጋዝ እጅግ ስስ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹም በጣም ቀላል ስለሆኑ ሙቀታቸውን ለጋዙ ብዙም አያካፍሉም። ከምድጃ የዘለለች ፍንጣሪ ከፈላ ውሃ እጅግ ትሞቃለች፤ ገላን የሚልጠው ግን አንድ ድስት የፈላ ውሃ ነው።

ስለዚህ «አያቃጥልም» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ይህን የምለው በየመንገዱ ዳር በርና መስኮት፣ የትራክተር ዕቃም ሲበየድ ቆመው ስለሚያዩ ልጆች ነው። ከብየዳው ብልጭታ ጋር በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይወጣል። ልጁ ራቅ ብሎ ስለቆመ ሙቀቱ አይሰማውም፤ ዓይኑ ግን እየተቃጠለ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ ያለቅሳል፣ መብራት ማየት ያቅተዋል።

እንዲህ ከሆነ ዓይኑን እንዳያሽ ከልክሉት፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በተጨፈነው ዓይኑ ላይ አድርጉ፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አሳርፉትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ዓይኑ ውስጥ አትጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፤ ደጋግሞ ማየት ግን ዓይንን ይጎዳል። ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። በያጁም ጭምብል የሚያጠልቀው ለዚሁ ነው፤ ልጁ ግን ጭምብል የለውም።