ራሱን በማያውቅ ሰው ላይ ስለሚሣቀው ሣቅ

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1975 እና በ1979 ዓመት ቢቢሲ በቴሌቪዥን ያሳየው፥ ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ የደረሱት ‹ፎልቲ ታወርስ› የተባለው አሥቂኝ ቴአትር 12 ክፍል ብቻ ሲሆን እስከ ዛሬ ተመልካች አላጣም። ባለሆቴሉ ባዚል ፎልቲ ተራውን እንግዳ ይሰድባል፤ ባለማዕርግ ለመሰለው ግን ይሰግዳል። በመጀመሪያውም ክፍል ሎርድ ነኝ ለሚል አታላይ ሲል፥ በማዕድ የተቀመጡትን ቤተ ሰብ ከስፍራቸው አስነሥቷል። ተመልካቹን ደስ የሚያሰኘው፥ ውርደቱ ከሌላ ሳይሆን ከገዛ ትዕቢቱ የመጣበት መሆኑ ነው። ነገር ግን ከሚሥቁት መካከል ‹ባዚል እኔ ነኝ› የሚል አይገኝም፤ ሁሉም የሚያስበው አለቃውን ወይም ጎረቤቱን ነው። ሣቁ እንዲህ የጣፈጠውም፥ ተግሣጹ የላላውም ስለዚህ ይመስለናል። ባዚልም ቢሆን እስከ 12ኛው ክፍል ድረስ አንዳች አልተማረም።