ኮሌስትሮሉ ሲወርድ መድኃኒቱን ማቆም

«ኮሌስትሮልዎ ወርዷል፤ እንግዲህ መድኃኒቱ ይበቃዎታል።» የልብ ደም ቧንቧው ተዘግቶ ለጥቂት ለተረፈ ሰው ይህን ማለት ሊቀር ይገባዋል። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ሕመምተኛው፣ ቤተሰቡ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ማውረጃ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን አቶርቫስታቲንን እንደ ወባ ክኒን ያየዋል፤ ይዋጣል፣ ምርመራው ይደገማል፣ ውጤቱ ካማረ ይቆማል። ይህ አካሄድ ሰው ይገድላል።

የላብራቶሪው ወረቀት ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 በታች ከሆነ ደህና ነው ይላል። ልቡ አንዴ ለተጎዳ ሰው ግን ያ መስፈርት አይሠራም። የእሱ መለኪያ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል ነው፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ በዴሲሊትር ከ55 ሚሊግራም በታች እንዲወርድ፣ ከመነሻውም ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ደግሞስ ቁጥሩ የወረደው ክኒኑ እየተዋጠ ስለሆነ አይደለም? ክኒኑን ባቆመ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ማስረጃው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ ሲምቫስታቲን የተባለውን ስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በብሪታንያ 20,536 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት፣ ኮሌስትሮላቸው ከመነሻው ዝቅ ያለ ሕመምተኞችም እንደሌሎቹ ከስታቲን መጠቀማቸውን አሳየ።

የሚያንገበግበኝ፣ ጤና ተቋሞቻችን ሕመም ዳግመኛ እንዳይመጣ መድኃኒት የመቀጠልን ሐሳብ አሳምረው የሚያውቁት መሆኑ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ የተጎዳ ወጣት በየወሩ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ጉሮሮውን ሳያመው፣ ሳያተኩሰው፣ ለዓመታት። «ጉሮሮህ ደህና ነው፣ መርፌው ይብቃህ» የሚል ነርስ አላጋጠመኝም። መርፌው የሚወጋው ሕመሙ ዳግመኛ እንዳይመጣ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነው። (ለዚያ ወጣት በቫልቩ ምክንያት ብቻ ስታቲን አይታዘዝለትም፤ የቫልቭ ጉዳትና የቧንቧ መዘጋት ሁለቱም «የልብ ሕመም» እየተባሉ መቀላቀላቸው ሌላ ጣጣ ነው።) ለልጁ የገባን ነገር ለአባቱ ሲሆን ለምን ይጠፋናል?

«ሁዳዴን ጾሜ ምን ኮሌስትሮል ይኖረኛል?» የሚልም አለ። ጾም ከሥጋና ከቅቤ ስለሚያርቅ ይጠቅማል። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ አይጾምም። የጾም ወጡስ በምን ዘይት ተሠራ? የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚጨምረው ዓይነት ቅባት ነው፤ የኑግ ዘይት እጅግ ይሻላል። አቶርቫስታቲን በባዶ ሆድም፣ ከምግብ ጋርም፣ በፈለጉት ሰዓት ይወሰዳል። የሚጾም ሰው ማታ ሊተኛ ሲል ቢውጠው ጾሙም ሕክምናውም አይጓደልም።

ጡንቻዬን አመመኝ ብሎ በዝምታ የሚተወውም ብዙ ነው። ሕመሙ ጠንቶ ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ቀለል ላለው መጠኑን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን መቀየር ይቻላል፤ ለዚህ ግን መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል።

ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። የጤና መድን ደብተር የያዘ ገበሬ ከመንግሥት ፋርማሲ «አልቋል» ሲባል ከኪሱ አውጥቶ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ አንዱን ወር ገዝቶ ሁለተኛውን ይዘላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ከገጠር ቀበሌ ዳንግላ መድረስም ጭንቅ ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የተዘጋ ቧንቧ በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የሚከፈተው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው ሕመም ሲመጣ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ ሕመሙ ለተረጋጋ ሰው የሦስት ወር ክኒን በአንድ ጊዜ ይሰጠው። በካርዱም ላይ «ልቡ አንዴ ተጎድቷል፤ ውጤቱ ቢወርድም ስታቲኑ አይቋረጥ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያየው ሌላ ባለሙያ ነውና።