ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ጥናት



የኢኑዊት ሕዝብ በአላስካ፣ በካናዳና በግሪንላንድ የበረዶ አገር ይኖራል። ልብሱ፣ ጦሩና የጀልባው ዕቃ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ተቆልፎ ይገኛል። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ሰውም ሊቅ ተብሎበታል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተጠና ዕቃ ተጠና ይባላልን?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1897 አሳሹ ሮበርት ፒሪ ከሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ብረት በመርከብ ጭኖ ኒው ዮርክ ገባ። የአገሩ ሰዎች ከዚህ ዓይነቱ ብረት እየቀጠቀጡ ለዘመናት ቢላዋና የጦር ጫፍ ሲሠሩ ኖረዋል። በዚያው መርከብ ስድስት ሰዎች ለሊቃውንት ጥናት መጡ፤ አራቱ ብዙም ሳይቆዩ በሳምባ በሽታ አለቁ። ከሟቾቹ አንዱ ቂሱክ ነበር። ልጁን ሚኒክን ለማታለል የውሸት ቀብር ተደረገ፤ የአባቱ አጥንት ግን በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ቀረ። የአራቱ ዐፅም በአገሩ አፈር የለበሰው በ1993 ነው። ብረቱ ዛሬም እዚያው ኒው ዮርክ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይህ ነው!

«ብዙው ዕቃ በልውውጥ የተገዛ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ በልውውጥ የተገኘ ብዙ አለ። ነገር ግን ልብሱን የገዛ ሰው የስፌቱን ዕውቀት ገዛን? የኢኑዊት እናት ለምድ ከጀርባው ሕፃን የሚታዘልበት ኪስ አለው፤ ትከሻው የሰፋውም ሕፃኑን ብርድ ሳይነካው ወደ ፊት አዙራ እንድታጠባው ነው። አንቀልባ የምታውቅ እናት ይህን ቶሎ ትረዳለች። ውኃ የማያስገባው ስፌት ደግሞ መርፌው ቆዳውን ዘልቆ ሳይወጣ የሚሰፋ ነው። ይህን ምሥጢር የያዘው የሰፊዋ እጅ እንጂ የመዝገቡ ቁጥር አይደለም።

ሌላ መንገድ የለምን? አለ! ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2001 ድረስ 35,000 ያህል ዕቃ ወደ ግሪንላንድ ዋና ከተማ ወደ ኑክ መለሰች፤ የሚሄደውንና የሚቀረውንም የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች አብረው መረመሩ። ጥናቱ በዚህ አልሞተም። በ2009ም ከካናዳ የመጡ የኢኑቪያሉይት ሽማግሌዎችና ልብስ ሰፊዎች ወደ ስሚዝሶኒያን መጋዘን ገብተው፣ ማክፋርሌን የተባለ ነጋዴ በ1860ዎቹ የሰበሰበውን የአያቶቻቸውን ዕቃ በእጃቸው ዳስሰው መረመሩ። እነሆ ጥናት!

በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈውን መጽሐፍና ታቦት ለንደን ላይ ስንጠይቅ የምንኖር እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። ግን በራሳችንም ላይ እንፍረድ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጠር ወርደን የሸማኔውን መወርወሪያና የሸክላ ሠሪዋን ምጣድ ስንመዘግብ፣ የሠሪውን ስም ከነቋንቋው የጻፍን ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ እንላለን፦ ዕቃው ሠሪዎቹ በሰጡት ስም ይጠራ! ዐዋቂው ሽማግሌ እንደ መምህር ይከበር፤ ይከፈለውም! ባለቤቱ «ይመለስልኝ» ያለው ዕቃም ወደ አገሩ ይመለስ፤ ሊቁም ሊያጠናው ከፈለገ እዚያው ሄዶ ይማር!