የዲ ኤን ኤ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄና የማይመልሰው

ውርስ ሲጣራ፣ ቀለብ ሲጠየቅ ወይም የመሬት ይዞታ ወደ ልጆች ሲተላለፍ ከሚነሡ ክርክሮች እጅግ መራራው «ልጄ አይደለም» እና «አባቴ ነው» የሚለው ነው። ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ጉዳይ በጎረቤት ምስክርነትና በሽማግሌ ቃል ይዳኝ ነበር። አሁን ተከራካሪዎች «የዲ ኤን ኤ ምርመራ ይታዘዝልን» እያሉ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች ምርመራውን ክርክሩን ሁሉ በአንድ ወረቀት የሚዘጋ አድርገው ይቆጥሩታል። ምርመራው የሚመልሰው «ይህ ሰው የዚህ ልጅ ወላጅ በሥጋ ነው ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ሕግ የሚጠይቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይለያል።

አሠራሩ ሲታይ ውስብስብ አይደለም። በሰው ዘረመል ውስጥ አጫጭር ቁራጮች ደጋግመው የሚመጡባቸው ቦታዎች አሉ፤ የድግግሞሹ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። እያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። ለምሳሌ በአንድ ቦታ ልጁ 12 እና 15 ቢኖረው፣ እናቱ ደግሞ 9 እና 12 ቢኖራት፣ 15 የመጣው ከአባት ነው። አባት ነው የተባለው ሰው በዚያ ቦታ 15 ከሌለው ጥርጣሬ ይነሣል። አንድ ቦታ ብቻውን ግን አይበቃም፤ 15 ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና። በሌላ በኩል ቁጥሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ሊለወጥ ስለሚችል አንድ አለመመሳሰል ብቻውን አባትነትን አያፈርስም። ስለዚህ ቤተ ሙከራዎች በርካታ ቦታዎችን በአንድነት ያመሳክራሉ። በአሜሪካ ለወንጀል ምርመራ መሠረት የሆኑት ቦታዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2017 ጀምሮ ከ13 ወደ 20 አድገዋል። በበርካታ ቦታዎች ካልተመሳሰለ ሰውየው አባት አይደለም። ሁሉም ከተመሳሰለ ውጤቱ በዕድል ስሌት ይገለጻል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ99.9 በመቶ በላይ ይሆናል።

ዘዴው የዛሬ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ዘረመል ሰውን እንደ አሻራ ሊለይ እንደሚችል የደረሰበት በ1984 ነበር። በማግስቱ ዓመት ግኝቱ ሥራ ላይ የዋለው ወንጀለኛን ለመያዝ ሳይሆን ከጋና ወደ ብሪታንያ የተመለሰ አንድ ታዳጊ በእርግጥ የእናቱ ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

በከተሞቻችን የደም ዓይነት ከዚህ ምርመራ ጋር ሲምታታ ይሰማል። «ልጁ ኦ ነው፣ አባቱም ኦ ነው» ማለት ምንም አያስረዳም፤ የደም ዓይነታቸው ኦ የሆነ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የደም ዓይነት ጥርጣሬ ሊያጭር ይችላል፤ አባትን ለይቶ ማሳየት ግን አይችልም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣበት ዘመን ዘረመልን የሚያነብ መሣሪያ አልነበረም፤ ሕግ አውጪው የነበረው መለኪያ የቀን ቆጠራ ነው። ይህ ቆጠራ በ1992 ዓ.ም በወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ቀጥሏል። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀናት በኋላ፣ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀናት ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻው ውስጥ እንደተፀነሰ ይገመታል፤ አባቱም ባልየው ነው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። የፌዴራሉ ሕግ በደም ምርመራና በሌሎች አስተማማኝ የሕክምና ዘዴዎች ለሚቀርብ ማስረጃ በሩን ከፍቷል። ነገር ግን ባል ከዓመታት በኋላ የምርመራ ወረቀት ይዞ በመምጣቱ ብቻ ልጅነት አይፈርስም። ለመካድ ጊዜ ተወስኗል፤ ክሱን ማቅረብ የሚችለውም ማንም ሰው አይደለም። ለዚህ አጥር ምክንያት አለው፤ አሥር ዓመት «አባዬ» ሲል የኖረን ሕፃን በአንድ ቀን አባት አልባ ማድረግ ቀላል መሆን የለበትም።

ከጋብቻ ውጭ ለተወለደው ልጅ ደግሞ ምርመራው ትልቅ ተስፋ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። «ዲቃላ» የሚለውን ስድብ ሕግ አያውቀውም፤ መንደር ግን ገና አልረሳውም። ሰውየው በሕይወት ካለ የእናት፣ የልጅና የእርሱ ናሙና ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ይወሰዳል፤ ሕፃን መሆንም አያግድም።

ሰውየው ከሞተ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሙግቱ በአብዛኛው የሚነሣውም ያኔ ነው። የሟች ወላጆች ካሉ ከእነርሱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ከግማሽ ወንድም ወይም እኅት ጋር የሚደረገው ማመሳከሪያ ግን ብዙ ጊዜ እርግጠኛ መልስ አይሰጥም። ወንድ ልጅ ከሆነ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞዞም ማየት ይቻላል፤ ይህ ግን የአባትን ዘር እንጂ አባትን አይለይም። የሟች ወንድም፣ አጎትና የአጎት ልጅ ያንኑ ዋይ ይይዛሉ። የአንድ አያት ወንዶች ልጆች አጠገብ ለአጠገብ በሚኖሩበት የገጠር ቀበሌ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ተጠርጣሪው የሟች ወንድም ከሆነ ሰፊው ምርመራም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለቤተ ሙከራው አስቀድሞ መነገር አለበት።

ሥጋና ቤተሰብ አንድ አለመሆናቸው በሰፊው የታየው በስደተኞች ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ2008 ቤተሰብ ለማገናኘት የሚያመለክቱ ስደተኞችን በናይሮቢ በዘረመል መመርመር ጀመረች፤ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ምርመራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ከሰፋ በኋላ 3,000 ያህል ሰዎች ተመረመሩ። የተጠቀሰው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱት ቤተሰቦች ብቻ ነበር። መርሐ ግብሩ ታገደ፤ በ2012 ምርመራውን ግዴታ አድርጎ እንደገና ተከፈተ። ቁጥሩ ማጭበርበር እንደነበረ ያሳያል፤ ነገር ግን ለምርመራ ያልቀረቡትንም ጨምሮ የተሰላ ነው። የሟች ወንድሙን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያሳደገ ሰውም በቤተ ሙከራ ዓይን ውሸታም ይመስላል። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው።

ስለዚህ ወደ ምርመራ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሕግ ምክር ቢጠይቅ ይበጀዋል። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የተላከ፣ ናሙናው የማን እንደሆነ ያልተመዘገበ ውጤት በፍርድ ቤት ለመታመን ይቸገራል፤ ናሙናው ማንነት በተረጋገጠበት ሁኔታ ሊወሰድ ይገባል። ምርመራው በየወረዳው የማይገኝ መሆኑ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ነው። ቀለብ የምትጠይቅ ድሃ እናት የመጓጓዣውንና የምርመራውን ወጪ ራሷ እንድትሸፍን ከተደረገ፣ ማስረጃው የሚገኘው አቅም ላለው ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚክደው ወገን ነው።