ጥፋቱ የታማሚዋ ነው አሉን

ሰሞኑን ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ስለ ኦፕራሲዮን ቁስል ተጠይቀው፣ «እኛ አክመን በደህና እንሸኛለን፤ የሚያመረቅዘው ቤታቸው ሄደው ስለማይጠነቀቁ ነው» አሉ። ጋዜጠኛዋ «እውነት ነው ዶክተር» ብላ ወደ ሙዚቃ አለፈች። አገር አማን።

ዶክተር፣ ይህንን ለእርስዎ መንገር ነውር ነው፤ ግን ልንገርዎት። በደንብ የተሰፋ ንጹሕ ቁስል አፉ የሚገጥመው ባብዛኛው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ጀርም እንደ ልቡ ከላይ አይገባም። በሰባተኛው ቀን መግል የቋጠረ ቁስል ብዙውን ጊዜ ጀርሙን የተቀበለው ቆዳው ተከፍቶ ሳለ ነው፤ በእርስዎ መብራት ሥር፣ በእርስዎ እጅ። መግሉ ቤት ታየ እንጂ ቤት አልተጠነሰሰም። ሕክምናው ራሱ እስከ 30 ቀን፣ ለአንዳንዱ ቀዶ ሕክምናም እስከ 90 ቀን ድረስ የሚታየውን ኢንፌክሽን በኦፕራሲዮኑ ሒሳብ የሚጽፈው ይህንን ስለሚያውቅ ነው። እርስዎም ተፈትነውበት ነው የተመረቁት።

ለመሆኑ የቱን ጥንቃቄ ነው ያጎደለችው? በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሆዷን ይዛ ገና መራመድ ስትጀምር «ዛሬ ትወጫለሽ» ትባላለች፤ አልጋው ይፈለጋል። የሚሰጣት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሕፈት። በቃል የሚነገራት «ንጽሕናሽን ጠብቂ፣ ውኃ እንዳይነካው» ብቻ ነው። ውኃ ሳይነካው የሚጠበቅ ንጽሕና እንዴት ያለ ነው? እስከ መቼስ ነው የማይነካው? መመለስ ያለባት ቀላ ሲል ነው፣ ሲያተኩሳት ነው ወይስ ፈሳሽ ሲወጣው? የሚመልስላት የለም።

ዋርድ ውስጥ ሳለችስ? በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ጎዙንና ጓንቱን ባልየው ነው ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ገዝቶ የመጣው። ጓንቱ አንድ ጥንድ ነበር። አሮጌውን፣ የረጠበውን ጎዝ ያነሣው ጓንት ሳይወልቅ አዲሱን አለበሰ፤ ፕላስተሩን ቆረጠ፤ የአልጋውንም ብረት ያዘ። አጠገቧ የተኛችው አስታማሚ ስላልነበራት የሚገዛላት ጠፍቶ ቁስሏ ሳይቀየር አደረ። ይህ ሁሉ የሆነው «ቤታቸው ሄደው» አይደለም።

መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ እንዳይቀጠል ይመክራል፤ እኛ ዘንድ «ለማንኛውም» እየተባለ ሴፍትሪያክሶን ለቀናት ይወጋል። ጓንት የለም፤ ሴፍትሪያክሶን አለ።

አዎ፣ ቁስል ላይ ቅቤ የሚቀባ አለ። አዎ፣ ጠያቂው ከነአቧራው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ማን ምን ነገራቸው?

ጥፋቱ የት እንዳለ ደግሞ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። «ክሊን ከት» በተባለ ፕሮግራም 5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የኦፕራሲዮን ክፍላቸውን ልማድ አረሙ፦ እጅና ቆዳ በወጉ ማጽዳት፣ መሣሪያው በእርግጥ መምከኑን ማየት፣ ጋዋኑና መሸፈኛው አለመቀደዱን መፈተሽ፣ አንቲባዮቲኩን ቆዳው ሳይከፈት በሰዓቱ መስጠት። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት የኢንፌክሽን ሥጋቱ በ35 በመቶ ቀነሰ። ታማሚዎቹ ያው ታማሚዎች ናቸው፤ የተመለሱትም ወደዚያው ቤታቸው ነው። የተለወጠው የሐኪሞቹ ጠባይ ነው።

ስለ ታማሚዋ ቸልተኝነት ማውራት ከፈለጉ መጀመሪያ በሚገባት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ይስጧት፤ ከሳምንት በኋላም አንድ ሰው ደውሎ ይጠይቃት። ዶክተር፣ እንደገና ሬዲዮ ላይ ሲጋበዙ ደግሞ አንድ ቁጥር ይዘው ይምጡ፦ ባለፈው ዓመት እርስዎ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ከተደረጉት ውስጥ በ30 ቀን ጊዜ ቁስሉ ያመረቀዘበት ስንት ሰው ነው? ካልቆጠራችሁት፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን በምን አወቃችሁ?