ቡናው ከአልጋው ከተነሣ በኋላ

በኢሉባቦር የዳሪሙና የመቱ ገበሬ ፍሬ ማድረቅን ከሌላ አገር ሰው የሚማር አይደለም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩን ቡና ከነልጣጩ በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ቀን እያገላበጠ፣ ማታ ከጤዛ እየሸፈነ፣ እርጥበቱ ከመቶ 12 እጅ ያህል እስኪሆን በትዕግሥት ጠብቆ ጀንፈል የሚያደርግ ሕዝብ ጥበቡን በእጁ ይዟልና። ይሁን እንጂ ይህ ጥበበ እድ ለገበያ በሚወጣው ቡና ብቻ ተወስኖ፣ በዚያው በቡናው አጠገብ የሚያፈራው ሙዝና ፓፓያ፣ በሚያዝያና በግንቦት በየጓሮው የሚረግፈውም ማንጎ የዝንብ ሲሳይ ሆኖ መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

የደረቀ ፍሬ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለሥርዓተ ቅዳሴ የምታቀርበው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚገኝ ነው፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊም አቢግያ የዳዊትን ቍጣ ለማብረድ በአህዮች ከጫነችው ስንቅ መካከል 100 የዘቢብ ዘለላና 200 የበለስ ጥፍጥፍ ነበረበት። ከሥጋ ቋንጣን፣ ከገብስ በሶን ያዘጋጁ እናቶቻችን ፍሬውን ከስንቅ ተራ ያስቀሩት፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍሬ ሁልጊዜ በደጅ የሚገኝ መስሏቸው ነው።

የኢሉባቦር ችግር ሌላ ነው፤ ዝናብ ነው። በጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ ማንጎውም የሚበስለው ሰማዩ መጥቆር ከጀመረ በኋላ ነው። በአንጻሩ ቡናው ተነሥቶ አልጋው ባዶውን በሚቆምበት በጥርና በየካቲት ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ሙዝና ፓፓያም አይታጣም። እንግዲህ አልጋውን አጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ በስሎ ገና ያልላመውን ሙዝ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየቆረጡ፣ እንዳይጠቁር የሎሚ ጭማቂ ባለበት ውኃ ነከር አድርገው እያወጡ፣ ቁራጮቹ ሳይነካኩ መደርደርና በስስ ነጭ ሻሽ መሸፈን ነው። ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል፤ ጠዋት ይገለበጣል። ፀሐዩ ካልከዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁራጩ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል፤ ለሁለት ቀድደው በጣት ሲጫኑት ጠብታ ካላወጣ ደርሷል።

ለማንጎው ግን እሳት ያስፈልጋል። ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚሆነው ውኃ ስለሆነ በዝናብ ወራት ውጭ የተሰጣ እንደሆነ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ከዳቦ በኋላ ያልበረደ ምድጃ ያለው ሰው፣ ግለቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲወርድ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ስሱን ቁራጭ በወንፊት ላይ ዘርግቶ ሊያሳድረው፣ በማግሥቱም ሊደግመው ይችላል። በምድጃ ጢስ ላይ መስቀልን አልመክርም፤ ለዘር በቆሎ የሚበጀው ጢስ የማንጎን ጣዕም ያጠፋዋል።

የደረቀውን ፍሬ ትኩሱን መክደን አይገባም፤ ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ይቀመጥና አንድ ሳምንት በየቀኑ ይነቅነቅ። በብርጭቆው ላይ ላብ ከታየ ገና ውኃ አለበትና ወደ ፀሐይ ወይም ወደ ምድጃው ይመለሳል። የእርሻ ሠራተኞች ስለ ቡና አልጋ በሚያስተምሩበት ቀን ይህን ቢጨምሩበት፣ በግንቦት የተዘጋጀው ማንጎ በነሐሴ ለልጆች ይደርሳል፤ ለዓይን ብርሃን የሚጠቅመው የቫይታሚን «ኤ» ምንጭም በከፊል አብሮት ይቆያል።