ልጅን አድርሶ መመለስ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የዚያ አገር ትምህርት ቤት በበጋ ሲዘጋ፣ ልጆቻቸውን በየአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሰብስበው ፊደልና መዝሙር፣ ጸሎትና ግብረ ገብ የሚያስተምሩበትን፣ እነርሱ «ሰመር ካምፕ» የሚሉትን ጉባኤ ባየሁ ጊዜ ደስታዬ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ማለዳ ማለዳ መኪናው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ሕፃኑን አውርዶ ወዲያው ሲፈተለክ ደጋግሜ በመመልከቴ፣ ደስታዬ ከኀዘን ጋር ተቀላቀለ።

እኛ በልጅነታችን ያወቅነው የክረምት ጉባኤ ጾመ ፍልሰታ ነበር። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እስከ 15 ቀን፣ ዝናሙ ሳያባራ፣ አያቴ በጋቢዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ደብሩ ትወስደኝ ነበር፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲሰማ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ቅዳሴ ሲገባ ከጎኗ ቆሜ፣ ተሲያት አልፎ ዲያቆኑ እስኪያሰናብት ድረስ እርሷ ያልቀመሰችውን እኔም ሳልቀምስ በመዋሌ፣ ጾም ምን እንደ ሆነ ከመምህር ቃል አስቀድሜ ከደረቀው ከንፈሯ ተማርሁ። ነሐሴ 13 ቀን፣ በበዓለ ደብረ ታቦር፣ ጅራፍ እያጮህን ሆያ ሆዬ ስንል ሙልሙሉን የሚያድሉንም እነዚያው አብረውን የጾሙ እናቶች ነበሩ።

ይህን ማለቴ የባሕር ማዶውን ጉባኤ ለመንቀፍ አይደለም፤ በባዕድ ምድር ለሚያድግ ሕፃን 231ዱን ፊደል ማስቆጠር፣ ከበሮ ማስያዝ፣ ለካህኑ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ መመለስን ማስለመድ ቀላል ድካም አይደለምና አስተማሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ሁለት ሥራ ደርቦ ለሚያድር አባትም ጊዜ ከገንዘብ ይልቅ ብርቅ መሆኑን አልዘነጋም። ሆኖም ልጁ በጉባኤው የተማረውን ጸሎት ማታ በቤቱ ከወላጆቹ አፍ ካልሰማው፣ ጸሎት የልጅነት ሥራ ነው ብሎ ያምናል፤ ባደገም ጊዜ ከጠበበው ልብሱ ጋር ይጥለዋል። ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻም አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ የክረምቱን የሰንበት ትምህርት ቤት ቤቱ ጸጥ እንዲልለት ብቻ የሚወድ ወላጅ ሞልቷል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በመጪው ፍልሰታ ከ15ቱ ቀን አንዱን እንኳ መኪናችሁን አጥፉና ከልጃችሁ ጋር ግቡ።